አላየሁም ያልሁበት ሌሊት

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት ሐሙስ ማታ ነው። የቸኮልሁት ዓርብ ጠዋት አውጫጭኝ ስለተጠራ ነው። አውጫጭኝን ለማታውቁ የከተማ ልጆች ልንገራችሁ፤ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይሰየማል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይቆማል፣ ከዚያ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየተነሳ ያየውንና የሰማውን ምሎ ይናገራል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። እኔ ደግሞ አይቻለሁ። ያየሁትን መናገር አልፈለግሁም፣ በመስቀል ፊት መዋሸትም ፈራሁ። እና ምን አደረግሁ? የፀጉር መቁረጫዬን በፎጣ ጠቅልዬ «ባሕር ዳር ሥራ አገኘሁ» ብዬ ለእናቴ ነገርኋት። እንዲህ ነው ጀግናው ልጇ።

እናቴ በሶ ቋጠረችልኝ። «ነገ አውጫጭኙ ሳያልቅ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«እኔ ምን የምናገረው አለኝ? ተኝቼ ነበር አላልሁሽም?»

«እሱስ ብለኸኛል» አለችና ቋጠሮውን አጠበቀችው። ጉንጬን ሳመችኝ። ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።

አሁን ስለዚያ ሌሊት። ሰኞ ለማክሰኞ ነበር። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አልፎብን ነበር፤ የታጠቀው አንዱ ወገን ከከተማው ወጥቶ ሌላው ሳይገባ፣ የጣቢያው በር ወለል ብሎ ወረቀቱን ንፋስ ሲበትነው፣ ዳኛ የለ፣ ከልካይ የለ። በዚያኛው ጊዜ የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው የሰበሩት የእህል መጋዘን ነበር። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል ይባል የለ፣ እኛም ግማሻችን አለቀስን፣ ግማሻችን ኩንታል ተሸከምን፣ ሲነጋ ሁላችንም እግዜር አወጣን ተባባልን። ልምድ ያገኘን መሰለን። ሁለተኛው ሲመጣ ውኃ ቀድተን፣ በራችንን በድንጋይ ደግፈን፣ እንግዳ ሰው ቢመጣብን ብለን ተዘጋጀን። የመጣብን ግን እንግዳ አልነበረም። በመጀመሪያው ሌሊት የዘረፈን የማናውቀው ሰው ነው፣ በሁለተኛው ግን የምናውቀው።

እኔ መስታወቴንና ወንበሬን ልጠብቅ ብዬ ፀጉር ቤቴ ውስጥ አደርሁ። ፊት ለፊቴ የእታ የሹምነሽ ሱቅ ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፣ ዘይትና ስኳር፣ ሳሙና ይሸጣሉ፣ ከሱቁ ጓሮ ይተኛሉ። ዘበኛቸው አያ ደሴ ነበሩ። አያ ደሴ ከገጠር የገቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት የኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰማዩን እያዩ «ዛሬ ይዘንባል» ይላሉ፣ አይዘንብም፣ እኔም አሾፍባቸዋለሁ፣ እሳቸውም «ለነገ ያልሁትን ነው ዛሬ የሰማኸው» ይሉኛል።

ተኩሱ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ሲበረታ አራት ሰዎች ፊታቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። በቆርቆሮዬ የምስማር ቀዳዳ አያቸዋለሁ። አንዱ በሰላም ድምፅ፣ ጨው ሊበደር እንደመጣ ሰው፣ «አያ ደሴ፣ እኔ ነኝ፣ ይክፈቱልኝማ፣ እያባረሩኝ ነው» አለ። አያ ደሴ ጆሯቸው ከበድ ይላል። ማን እንደሆነ የለዩት አይመስለኝም፤ ግን ስማቸውን የጠራ ሰው ነዋ። ከፈቱ።

ባትሪ በራ። የጠራቸው ሰውዬ ዞር ሲል ጋቢው ከኋላ ተንሸራተተ። ፊቱን አላየሁም፤ ፀጉር ቆራጭን ግን ፊት በመሸፈን አትሸውደውም። ማጅራቱ ላይ የልጅነት የእሳት ጠባሳ አለ፣ ፀጉር አያበቅልም፣ እኔ ሁልጊዜ ዙሪያውን በምላጭ አስተካክለዋለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አስተካክዬው ነበር። አንተነህ ነው። ሲያገባ ሚዜው የሆንሁ፣ ለሙሽራዋ ወንድም ልሆናት የማልሁ፣ ልጁን እንደ ልጄ የማየው አንተነህ። አያ ደሴን ከኋላ በዱላ መታቸው። ወደቁ።

እታ የሹምነሽ ከጓሮ ወጥተው ኡኡ አሉ። አገራችሁን ታውቁታላችሁ፤ ኡኡታ የሰማ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ሰምቶ ያልወጣ ሰው አይደለም። ያን ሌሊት አንድም በር አልተከፈተም። የኔም። ምላጬን ጨብጬ ቆሜያለሁ፣ ከራስ በላይ ንፋስ እያልሁ ለራሴ እነግረዋለሁ። ሦስት ጊዜ ጮሁ፣ ከዚያ ገፈተሯቸውና ዝም አሉ።

ሲነጋ እታ የሹምነሽ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው መጡ። ተሰብሯል፣ ሱቁም ባዶ ቀርቷል።

«ይበልጣል፣ ፊት ለፊት ነህ። አላየህም?»

«ተኝቼ ነበር እታ የሹ። አላየሁም።»

ትንሽ ቆይቶ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አንተነህ። «እግዜር ያጥናዎት» ብሎ አጽናናቸው፣ ከዚያ የኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጢሜን ላጨኝ አለኝ። በመስታወት ተያየን። ማየቴን ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ላጨሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ እሱ ነው የሚገርመኝ።

አያ ደሴ ነፍስ ሲያውቁ «የምናውቀው ሰው ድምፅ ጠራኝና ከፈትሁ» አሉ። ማን? አላወቁትም። «በሩ አልተሰበረም፣ ከውስጥ ነው የተከፈተ፣ እሳቸው ናቸው ያስገቧቸው» መባል ተጀመረ። ያን ጊዜ ነው አውጫጭኙ የተጠራ፣ እኔም በሶዬን የያዝሁ።

አስፋልቱ ስለሚያስፈራ በእርሻው መሐል ወደ ቡሬ በእግሬ ሄድሁ። ውሻ ጮኸብኝ፣ አንድ ገበሬ ከማሳው ጎጆ «ማነህ?» አለኝ። «መንገደኛ ነኝ» አልሁ። «በዚህ ዘመን ብቻህን? ና እደር» ብሎ ያረፈበትን አጎዛ ለቀቀልኝ። አያውቀኝም፤ በዚያ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ መንገደኛ ነኝ በሚልበት ጊዜ ነው። አፈርሁ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ከቡሬ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቼ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሞያሌ፣ ናይሮቢ። መንገዱን ሌሎች በደንብ ጽፈውታል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም፤ በርበሬው ብቻ እስከ ናይሮቢ ልብሴ ላይ ነበር።

ካምፓላ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት አፈሩን ነው። የቡሬን አፈር ቁርጥ፣ ቀይ። ዝናቡ ግን ጨዋ አይደለም፤ የኛ ክረምት ደመናውን አሳይቶ፣ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ አስፈቅዶ ነው የሚገባ፣ የነሱ ሳይታሰብ ዱብ ብሎ ልብስህን አርሶ ይሄዳል። ሙዝ እንደ ድንች ቀቅለው ማቶኬ ይሉታል። ፖሾ የሚሉት ደግሞ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ቅቤውንና በርበሬውን ቤቱ የረሳ። ሰው ሰላምታው አጭር ነው፤ «ሴቦ» ይልሃል፣ ጌታው ማለት ነው፣ ከዚያ አለቀ። የከብቱን ደኅንነት ሳይጠይቅ ይሄዳል።

የስደተኛ ወረቀት ለማውጣት ቀረብሁ። ጸሐፊው ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው ነው፣ አስተርጓሚዋ ያገራችን ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ያደገች።

«ያሳደደህ ማነው?» አለኝ።

«ያሳደደኝ የለም። አውጫጭኝ ተጠርቶ ነው።»

ልጅቱ አውጫጭኝ ምን እንደሆነ አታውቅም። ብዙ አስባ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ።

«ከስብሰባ ሸሽቶ ነው የሚለው?»

«ሽማግሌዎች ናቸው የጠሩት» አልሁ።

«ታጥቀዋል?»

«ዱላ አላቸው።»

«ወዳጄ» አለኝ፣ «እኔም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለብኝ። ስብሰባ የሚሸሽ ሰው ሁሉ ስደተኛ ከሆነ ይህን ቢሮ ማን ይጠብቀዋል?»

ሳቅሁ፣ ልጅቱም ሳቀች። ከዚያ ስለ ተኩሱ፣ ስለ ዘረፋው ነገርሁት፣ እሱን ጻፈ። «በዓይንህ ያየኸው አለ?» ሲለኝ «የለም» አልሁ። ባሕር ተሻግሬ የመጣሁ ያህል ርቄ እንኳ፣ አንተነህን በማያውቅ ሰው ፊት፣ የለም አልሁ። ምላሴ ለምዶታል።

አከራዬ ማማ ሮዝ ይባላሉ። ክፍሉን ሲያሳዩኝ «እናንተ ሐበሾች አንድ ነኝ ብላችሁ ገብታችሁ ሳምንት ሳይሞላ ሰባት ትሆናላችሁ» አሉኝ።

«እኔስ ብቻዬን ነኝ» አልሁ።

«ይኸማ የባሰ ነው። ብቻውን የሚኖር ሐበሻ የደበቀው ነገር አለው።»

በርበሬ አትቁላ፣ ጎረቤት ያስላል ብለው ከለከሉኝ። አንድ ቀን ዶሮ ወጥ ሠርቼ ባቀምሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ እያወረደ ሳህኑን ጠረጉት። ደግ ሴት ናቸው። እኔም ሥራ አላጣሁም፤ ያገሬ ልጆች ሰንበት ሰንበት ይመጣሉ፣ እቆርጣለሁ፣ አወራለሁ፣ አስቃለሁ። ማጅራት ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። «ምነው ይቤ?» ይሉኛል። «ምላጩ ደንዞ ነው» እላለሁ።

እናቴ የአውጫጭኙን ነገር የነገረችኝ ካምፓላ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። እኔ ብቀር ነገሩ በኔ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ የአገሬን ሥርዓት እያወቅሁ ሞኝ ሆንሁ። ልጅ ከቀረ ቤቱ ይጠየቃላ። ሽማግሌዎቹ «የይበልጣል ቤት» ሲሉ የተነሳችው እናቴ ናት። መስቀሉን ጨብጣ «ልጄ ተኝቶ ነበር፣ ምንም አላየም» ብላ ማለች። እኔ የሸሸሁትን መሐላ እሷ በኔ ፋንታ፣ በሐሰት፣ ሐሰት መሆኑን ሳታውቅ። አንተነህም ተነስቶ ምሏል፣ «በሩን ከውስጥ የከፈተ ይጠየቅ» ብሎ አጥብቆ የተናገረም እሱ ነው። አያ ደሴ የጠራቸውን ሰው ተናግረው እስኪያወጡ ከእሳት ከውኃ ይለዩ ተባለ። እሳት የሚያጭራቸው የለ፣ ውኃ የሚያቀዳቸው የለ፣ ሰላም የሚላቸው የለ። ያን ጊዜ «እማ፣ አይቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልሁ።

ባለፈው እሑድ ከሥራ በፊት ደወልሁላት። እንደ ልማዷ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ማደሪያዬ፣ ስለ እንጀራው ጠየቀችኝ። ከዚያ «ደሴ እኮ ሞተ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሐሙስ ተቀበረ። ዕድሩ አልወጣም። ሁለት አማቾቹና ቄሱ ናቸው የተሸከሙት። እኔም አልሄድሁ፣ ደጄ ላይ ቆሜ ሲያልፍ አየሁት። ምን ላድርግ፣ ከሕዝብ ልለይ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። «እማ» አልሁ፣ «ያን ሌሊት አልተኛሁም።»

«የቱን ሌሊት?» አለች።

«አንተነህ ነው። አታሎ ነው ያስከፈታቸው። እሱ ነው የመታቸውም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ሰከንዱ እየቆጠረ ነው።

«ሚዜህ?»

«አዎ።»

«እኔ መስቀል ጨብጬ?» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «አንተን ብዬ?»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔን አይደለም» አለችኝ። «ቆይ፣ እንዳትዘጋው።»

ነጠላዋን ስታነሳ፣ በሩን ስትስበው ሰማሁ። እየሄደች ነው፤ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየገባ ሲወጣ ይሰማኛል። አንዲት ሴት «ወዴት ነው በዚህ ጭቃ?» አለቻት። «ጥሩወርቅ ዘንድ» አለች እናቴ። ጥሩወርቅ የአያ ደሴ ሚስት ናቸው። ሴቲቱ «እዚያ ቤት?» ስትል፣ እናቴ «አዎ፣ እዚያ ቤት» ብላ አለፈች።

እንጨት ሲፈለጥ ተሰማኝ፣ ከዚያ ቆመ። እናቴ «ጥሩ፣ ልጄ የሚነግርሽ አለው፣ እንኪ» ስትል፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኮሸኮሸ። የሚያለከልክ ትንፋሽ መጣ።

«ይበልጣል ነህ? እንዴት ሰነበትህ ልጄ? አገሩ ተስማማህ?»

«ደህና ነኝ እታ ጥሩ» አልሁ።

«የደሴን ሰምተህ ነው አይደል? አይ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ከዚህ ሁሉ ጎረቤት እግዜር ያጥናሽ ሊለኝ ያሰበ አንድ አንተ ነህ፣ ያውም ከሰው አገር።»

«እታ ጥሩ» አልሁ።

«አቤት ልጄ» አሉኝ።