ከአዘዞ እስከ ደባርቅ፦ ሦስት ሩጫ በመጨረሻነት

አንደኛው እሑድ፤ አዘዞ

ገና ሳይነጋ ከመሐል ከተማው ከአራዳ ተነስተን በመሥሪያ ቤታችን ማኪና አዘዞ ወረድን። ከአዘዞ ደግሞ ወደ አራዳ ልንሮጥ ነው።

«ታዲያ ለምን መጣን?» አልሁት ሾፌሩን ታከለን።

«እኔ ነጂ ነኝ፣ ጋሼ። ምክንያቱን የመሥሪያ ቤቱን የስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ይጠይቁ።»

ዕድሜዬ አርባ ሦስት፣ ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲዞር የተሰብሳቢ ስም መያዣ መስሎኝ ፈረምሁ፤ ለካ የሦስት እሑድ ሩጫ መመዝገቢያ ኖሯል። በደርግ ጊዜ ስም ማስገባት ቀላል፣ ማስወጣት ግን ከባድ ነበር። ባለቤቴ አልጋነሽ ሳቀች።

«አጥሩንም፣ መንጃ ፈቃዱንም ጀምረህ ትተሃል። ይኸንንስ የት ላይ ልትተወው ነው?»

ይህ ከሊቀ መንበሩ ቁጣ ይልቅ ቆረቆረኝ።

ታከለ የመጨረሻውን ሯጭ እንዲከተል ታዟል። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ዳገቱ ላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል፦ «ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ፤ ሞተሩ ጋለብኝ!»

ቢሆንም አራዳ ገባሁ። ማታውን ደረጃ የወረድሁት በቂጤ ነው።

ሁለተኛው እሑድ፤ ትክል ድንጋይ

ኮረኮንች፣ አቧራ፣ እህል የጫኑ አህዮች። ሌሎቹ ሯጮች ከዓይኔ ጠፍተዋል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እኔ ሳለከልክ፣ ከኋላዬ ደግሞ የመንግሥት ማኪና ስትመጣ አዩ። መታጠፊያው ላይ እጄን ይዘው ጎተቱኝና ከጎተራቸው ኋላ ከተቱኝ።

«ምነው፣ ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ኧረ አያ፣ ስፖርት ነው!»

«ዝም በል! ምንም ቢሆን አትመን።»

ሚስታቸው ጠላ በዋንጫ አቀበሉኝ። ታከለ ደረሰ።

«የሚሮጥ ሰው አላያችሁም?»

«አላየንም!» አለ ቤተሰቡ በአንድ አፍ።

«ታከለ፣ እዚህ ነኝ!» ብዬ ብቅ አልሁ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። «ሸጋ ሰው ነበር፤ እጁን ሰጠ።»

ነገሩን ለማስረዳት ሌላ ዋንጫ ጠላ ፈጀብን። ጠላው ሆዴ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ስሮጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ሳቄ ቆመ። እኒያ ሰው ማን እንደሆንሁ ሳያውቁ ቤታቸውን አደጋ ላይ ጥለውልኝ ነበር።

ሦስተኛው እሑድ፤ ደባርቅ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ከተማው ሲታየኝ በረዶ ወረደ፤ ባቴም ተኮማተረ። ታከለ አጠገቤ አቁሞ በሩን ከፈተ።

«ይግቡ፣ ጋሼ። ማንም አያይም።»

ከውስጥ የሞተሩ ሙቀት ፊቴን ነካኝ። እጄን በሩ ላይ አሳረፍሁ።

«አልጋነሽ ብትጠይቅህስ?»

«ጨርሰዋል እላለሁ።»

እሷም ታምነው ነበር። በሩን መልሼ ዘጋሁትና እያነከስሁ ቀጠልሁ።

ስደርስ ባንዲራው ተነቅሏል፣ ሰዉም ተበትኗል። መዝጋቢው ጠረጴዛውን አናቱ ላይ ደፍቶ ሊሄድ ነው።

«ውድድሩ አልቋል፣ ወንድሜ።»

«እንዴት ያልቃል?» አለ ታከለ ከማኪናው ዘሎ ወርዶ። «እሳቸው አሁን መምጣታቸው ነው!»

መዝጋቢው ጠረጴዛውን አወረደ፤ ደብተሩን ገለጠ።

«ስንተኛ ልበል?»

«ጨረሰ በል» አልሁት።

ጻፈ። በረዶው እንዳያጠፋብኝ በሁለት መዳፌ ከለልሁት፤ ቀለሙ እስኪደርቅም እዚያው ቆምሁ።