ሞተሩን ላጠፋ ምርቃት አለው

መጀመሪያ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ጅቡቲ በሙቀቱ ወራት ያሳለው ሰው ሁሉ፣ አሸዋ ተሸክሞ በሚመጣው ትኩስ ንፋስ በካምሲን ያሳብባል። እኔም ካምሲን ነው ብዬ አፌን በሻሽ ሸፍኜ ሱቄ ዋልኩ። ሱቄ አርሂባ ሰፈር ነው፤ ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪኖች በራፌ ላይ ይሰለፋሉ። ድሬዳዋ ያሉ ዘመዶቼ በቦታው ይቀኑብኝ ነበር።

ካምሲኑ አለፈ። ሳሉ ቀረ። አንድ ጠዋት ለሾፌር ውሃ ሳቀብል ትንፋሼ ገባ እንጂ አልወጣ አለኝ። መሬት ተቀመጥኩ። ከንፈሬ ጠቆረ። ልጄ ሐናን እጄን ይዛ ታለቅሳለች። መሞቴ ነው ብዬ ፈራሁ። ሞተሮቹ አልቆሙም።

ሐናን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ ደረቴን አዳምጦ፣ "አስም ነው። የናፍታ ጭስ ያባብስብዎታል፤ ከመንገዱ ይራቁ" አለኝ በሶማሊኛ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ኢንሄለርም አዘዘልኝ። መራቁን ማን ጠላ? የሚያበላኝም የሚያንቀኝም ያው ሰልፉ ነው።

ስመለስ ሞተር እንዲያጠፉ መለመን ጀመርኩ። "እትዬ ዘሃራ፣ ካጠፋሁት ማቀዝቀዣው ይቆምና ሙቀቱ ይገድለኛል፤ ናፍታው እንደሆነ የባለቤቱ ነው" አለኝ አንዱ ሾፌር። "ይልቅ መርቂልኝ።" እንደ ልማዳችን ከገዛው ውሃ ላይ ጨመርኩለት። ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ናፍታው የባለቤቱ፣ ቅዝቃዜው የሱ፣ ጭሱ የእኔ። የኔ ደረት የማንም ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ምርቃት የምሰጠው ሞተሩን ላጠፋ ብቻ ሆነ። ጥቂቶቹ አጠፉ፤ የቀሩት ከጎረቤቴ ገዙ፣ ጭሱን ግን በእኔው በራፍ ላይ ተዉልኝ። አንዲት ባለሱቅ የመንገዱን አየር ልታጸዳ አትችልም። ሰልፉን ከከተማ ማውጣትና አሮጌ ሞተር ላይ ቀረጥ መጣል የመንግሥት ሥራ ነው። ይህን ለሰፈሩ ሹም ብናገር፣ "ታዲያ ማን ይገዛልሻል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ኢንሄለሩን በታዘዘልኝ መጠን እየወሰድኩ፣ የሱቁን መስኮት ወደ ጓሮ አዙሬ፣ ቀስ በቀስ ደረጃ ወጥቼ ሳላርፍ ማውራት ቻልኩ። ሐኪሙን አላህ ይስጠው፤ ሐናንንም። እናንተም ሳላችሁን በንፋስ አታሳብቡ፤ ቶሎ ታዩ።

ያ ሾፌር በቀደም መጥቶ ነበር፤ ሞተሩ እንደበራ ነው። እያሳለ፣ "እትዬ፣ ካምሲን ያዘኝ መሰለኝ" አለኝ። የካምሲን ወራት ካለፈ ቆይቷል። ውሃውን ሸጥኩለት፤ በምርቃቱ ፈንታ የሐኪሙን ቦታ ነገርኩት።