ጨጓራ ያልነው

ታላቅ ወንድሜ ከመሞቱ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይል ነበር። እኛም ጨጓራ ነው አልን። አንድ ቀን ታክሲውን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጎ እዚያው ቀረ። ልቡ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አባባም ያንኑ ቃል ማለት ጀመሩ። ፈራሁ። እሳቸውንም እንዳላጣ እዚህ አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ ወዳለች የልብ ሐኪም ወሰድኳቸው።

የሐኪሟ ወላጆች ህንዶች ናቸው፤ የምታክመውም በብዛት ከዚያ አካባቢ የመጡትን ነው። እኛ ደግሞ በአባባ አባት በኩል ህንድ አለብን። አባታቸው ከህንድ ደሴ ሒሳብ ሊያስተምር መጥቶ፣ አግብቶ የቀረ ሰው ነው። ፎርም ላይ ግን ሁሌም «አፍሪካዊ» ብለን ነው የምናልፈው። ያን ቀንም እንዲሁ ሞላሁ።

ሐኪሟ ፎርሙን አስቀመጠችና «አያቶቻችሁን አንድ በአንድ ንገረኝ» አለች። ህንዱ አያታችን ጋ ስደርስ መጻፍ ጀመረች። እንዲህ ዓይነት ዘር ያለበት ሰው ልቡ ቀደም ብሎ ሊታመም እንደሚችል፣ ሐኪሞች አደጋውን የሚገምቱበት የተለመደው ስሌትም አሳንሶ ሊያሳይ እንደሚችል አስረዳችኝ።

«የአገሬ ልጅ ናት በልልኝ» አሉ አባባ። ተረጎምኩ።

«ታዲያ የምላቸውን ይስሙኛ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ስለ ወንድሜ ጠየቀችኝ። ነግሬያት እስክጨርስ አላቻኮለችኝም። እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም።

ምን እንደሚሰማቸው ስትጠይቃቸው አባባ «ጨጓራ» አሉ። እኔም «ሆዳቸውን ነው» አልኳት።

«አንተ ቆይ። በእጃቸው ያሳዩኝ።»

አባባ መዳፋቸውን ደረታቸው መሃል ላይ አሳረፉ። ደረጃ ሲወጡ ይጨምቃቸዋል፤ ሲቀመጡ ይተዋቸዋል። እዚያው የልብ ምርመራ አደረገችላቸውና ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለባቸው አለች። በማግስቱ የጠበበውን የደም ሥር ከፈቱላቸው፤ አባባ አሁን ደህና ናቸው። ከዚያ ቀን ግን የማልረሳው ከክፍሉ ስንወጣ የሆነውን ነው።

አባባ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንድምህ ሐኪም ቤት ልሂድ ሲለኝ፣ ጨጓራ ነው ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?» አለችኝ ሐኪሟ።

መተርጎም አቃተኝ። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ልትገፋቸው የመጣችውን ነርስ ተይው ብላ ወንበሩን ራሷ ቀስ አድርጋ እየገፋች ይዛቸው ወጣች።