ቦርሳው የእኔ ነው

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ መጣ!» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እዚሁ መድረክ ላይ ሁለት ጊዜ «ከሄሮይን ነጻ ወጣሁ» ብያለሁ፤ እናንተም አጨብጭባችኋል። ሁለቱንም ጊዜ ዕፁ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ። የዛሬው ግን እውነት ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ፣ ከሎንግ ቢች ወደብ ወደዚህ ወደ ቬጋስ ኮንቴይነር የማመላልስ የትራክ ሾፌር ነበርኩ። ወገቤን ታመምኩና ሐኪም የሕመም ማስታገሻ አዘዘልኝ። በኋላ «ይበቃሃል» ብሎ ሲከለክለኝ ሰውነቴ እምቢ አለ። ወደቡ ላይ የማውቀው ሾፌር «እኔ አለሁልህ» አለኝ። አለሁልህ! መጀመሪያ ሄሮይኑን በነጻ ሰጠኝ፤ ኋላ «ይቺን ቦርሳ ቬጋስ አድርስልኝ፣ ድርሻህን ከውስጧ ታገኛለህ» አለኝ። ከወንበሬ ሥር እየደበቅሁ አመላለስኩ። መዝሙር ከፍቼ ነበር የምነዳው፣ ወገኖቼ! መዝሙር!

ባለቤቴ ትዕግሥት ጾመች፣ ጸለየች፣ ለመነችኝ። ስሟ ብቻ ቀረ እንጂ ትዕግሥቷስ አልቆ ነበር። «አንተ ሰው፣ እግዚአብሔርን እንኳ አሰለቸኸው» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዊትኒ ሰፈር ባለው ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ገና ያላደረስኩትን ቦርሳ አጠገቤ አድርጌ፣ ሄሮይን ወስጄ ወደቅሁ። ትዕግሥት ሆቴል ሺፍት ላይ ነበረች። ነርሲንግ የምትማረው ልጄ ሶስና ከኮሌጅ ስትመለስ ከንፈሬ ጠቁሮ አገኘችኝ። ለእንዲህ ያለ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን ማንቂያ መድኃኒት አፍንጫዬ ውስጥ ረጨችልኝ፤ አምቡላንስ ጠራች።

ሆስፒታል ስነቃ ሐኪሟ «መተንፈስ አቁመህ ነበር። ልጅህ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ዛሬ አንነጋገርም ነበር» አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቦርሳዬስ?»

ሶስና አጠገቤ ቆማለች። አማርኛዋን ታውቁት የለ? «አባዬ፣ ሲሪየስ ነህ? እኔን አይደለም፣ ቦርሳ ነው የምትጠይቀው? ለፖሊስ ሰጠሁት። ደከመኝ። አንተ ሶሪ ስትል ደከመኝ።»

ሰደብኳት። ሕይወቴን ያተረፈችውን ልጅ ሰደብኳት! ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነበርና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያኔ ነው የተሸነፍኩት። ጸሎቴም ያማረ አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ በቃኝ። እኔ ራሴን ሰልችቼዋለሁ፤ አንተን ካልሰለቸሁህ ተቀበለኝ» አልኩት። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ፖሊሱ ገብቶ «ቦርሳው የማን ነው?» ሲለኝ ግን፣ ስንት ዓመት ሲዋሽ የኖረው ይሄ አፌ «የእኔ ነው» አለ። ሃሌሉያ! ይሄ ተአምር ካልሆነ ሌላ ምን ተአምር አለ? ሶስና ሰምታ ኖሮ ተመልሳ ገባችና እጄን ያዘችኝ።

ታሰርኩ። ፍርዴን ጨርሼ ወጣሁ። ዛሬ በየማለዳው ክሊኒክ እየሄድኩ ሜታዶን የሚባለውን የሱስ መድኃኒት እወስዳለሁ። «ጌታ ከፈወሰህ መድኃኒቱ ለምንህ ነው?» የምትሉኝ፣ እባካችሁ ተዉኝ! ስኳር ያለባችሁ ኢንሱሊን ስትወጉ ማን ጠየቃችሁ? ልጄን የሰጠኝ ጌታ ሐኪሙንም የሰጠኝ እሱ ነው። ትዕግሥት ዛሬም ከውጭ ስገባ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ትየኝ፣ መብቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን የቤቱን ቁልፍ መለሰችልኝ። ጌታ ይባረክ! ለእናንተ ቁልፍ ነው፤ እኔ ግን አልቅሼበታለሁ።

እዚህ መካከል ተቀምጠህ እጅህን ኪስህ ውስጥ የደበቅህ ወንድሜ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ደህና እስክትሆን አትጠብቅ፤ እኔ ጠብቄ አይቼዋለሁ፣ አይመጣም። ጌታ ሲቀበለኝ ክንዴ ላይ የሆስፒታል መርፌ ነበረ፣ አፌ ላይ ደግሞ ልጄን የሰደብኩበት ስድብ ነበረ። ዛሬውኑ፣ እንደታመምክ ና። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በሩ ጋ እቆማለሁ፤ አንተ እስክትመጣም አልሄድም።