አክስቴን ለለቅሷቸው ፎቶ ያነሳሁ ዕለት

የዚህ ጉዞ መነሻ አንድ የለቅሶ ድንኳን ነው። ኮልፌ የሚኖሩት አክስቴ ወይዘሮ ብርቄ ሰሞኑን ደወሉልኝና፣ ገና "ጤና ይስጥልኝ" ሳልል፣ "እኔ ስሞት የትኛውን ፎቶዬን ነው የምታወጡት?" አሉኝ። ሰው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ሲባል ምን ይመልሳል? "ኧረ ዕድሜ ይስጥዎት" አልኩ በሹክሹክታ። "ዕድሜውን እሱ ያውቃል፤ አንተ ፎቶውን ንገረኝ" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እማማ አስካለ የሚባሉ ሴት አርፈው ነበር። ሌላ ፎቶ ስለጠፋ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ተነስታ፣ እንደ በር ተልቃ፣ ድንኳን ውስጥ ተሰቀለች። መታወቂያ ላይ ሰው እንዴት እንደሚወጣ መቼም ታውቃላችሁ። እማማ አስካለ ሲስቁ ሳቃቸው ዋናው አስፋልት ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ፤ በፎቶው ግን ዋስ አጥተው ጣቢያ ያደሩ ነው የሚመስሉት። አክስቴ ለቅሶው እስኪያልቅ ከዚያች ፎቶ ሥር ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ "ነገ እኔንም እንዲህ አድርገው ነው የሚሰቅሉኝ" የምትል ሐሳብ ገብታባቸው ቀረች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።

በስልክ ላንሳዎት ብላቸው በጄ አላሉም። የልጅ ልጃቸው በየዓመት በዓሉ በስልኳ ስታነሳቸው ኖራ ስልኩ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ፤ እሳቸው እንደሚሉት መልካቸው አሁን የሆነ ሌባ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ፎቶ ቤትም ሄደው ነበር። ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ፊታቸውን አለስልሶ፣ ሽበታቸውን አጥቁሮ ቢሰጣቸው፣ "ይቺ የማን ልጅ ናት?" ብለው ጥለውለት መጡ። የፈለጉት በእጅ የሚያዝ፣ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ራሳቸውን የሚመስል አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ካሜራ አለኝ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛሁት፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ያነሳውን ፎቶ እዚያው በወረቀት የሚተፋ ግዙፍ ሣጥን ነው። ፊልሙ እዚህ አገር አይገኝም። ከውጭ የመጣ ጓደኛዬ ለምኜው አንድ ካርቶን ይዞልኝ መጥቷል፤ አንድ ካርቶን ማለት ስምንት ፎቶ ማለት ነው። ሙቀት እንዳይነካው ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ አስቀምጬ፣ ባለቤቴ ቅቤ ልታወጣ በሩን በከፈተች ቁጥር "ቀስ!" እያልኩ ስንት ወር አሰቃየኋት። እውነቱን ልናገርና፣ አንዷን ለአክስቴ፣ የቀሩትን ለራሴ ነበር ያሰብኩት። ኮልፌን በድሮ ቀለም አንስቼ ሰው እንዲያደንቀኝ ነበር ምኞቴ።

ታክሲ ውስጥ

ቅዳሜ ጠዋት፣ የነሐሴ ዝናብ እየዘነበ፣ ከመገናኛ ተነሳሁ። አውቶቡስ ተራ ላይ ወርጄ የኮልፌን ታክሲ ስይዝ ረዳቱ ካሜራዬን አየና፣ ወይ ጭኔ ላይ እንዳደርገው ወይ የሰው ሂሳብ እንድከፍልለት አስታወቀኝ። ጭኔ ላይ አደረግኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆይተው የደም ግፊት መለኪያ እንደሆነ ጠየቁኝ። ካሜራ መሆኑን፣ ፎቶ አንስቶ ወዲያው በወረቀት እንደሚያወጣ፣ የተሠራውም ድሮ እንደሆነ በኩራት አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ የልጃቸው ስልክ ከዚህ በጣም እንደሚያንስ፣ እሱም ፎቶ እንደሚያነሳ፣ በዚያ ላይ እንደሚደውል ነገሩኝ። ሊያጽናኑኝ የፈለጉ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በመስኮት በኩል ጭቃውን ሳይ ቆየሁ።

18 ማዞሪያ

ዝናቡ አባራ። አክስቴ ቤት ከመግባቴ በፊት የራሴን ድርሻ ላነሳ ብዬ 18 ማዞሪያ ወረድኩ። ታክሲዎቹ ይዞራሉ፣ ረዳቶቹ "አስኮ! አስኮ!" ይላሉ፣ ሱቆቹ የላስቲክ መጋረጃቸውን ይጠቀልላሉ። ከአንዲት በቆሎ የምትጠብስ ሴት ጎን ቆሜ ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ከተትኩ። ወዲያው ጥቁር ካርቶን ተፋ። ይሄ የፊልሙ መክደኛ ነው፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ባለ በቆሎዋ ግን አንገቷን አስግጋ አየችውና፣ እንዲህ አጨልሞ የሚያነሳ ከሆነ ባልደክም እንደሚሻለኝ መከረችኝ።

ያኔ ነው አንድ ሰው ባለ መስታወት የቁም ሣጥን በር ጀርባው ላይ አዝሎ አደባባዩን ሲሻገር ያየሁት። መስታወቱ ውስጥ ሰማዩም ታክሲዎቹም ሕዝቡም አለ። እግዜር ራሱ አዘጋጅቶ የላከልኝ ፎቶ ነው። አነሳሁት። ወረቀቱ እዬዬ እያለ ሲወጣ ሰውየው ድምፁን ሰምቶ ቆመ፤ በሩን ቀስ ብሎ ግድግዳ ላይ አስደገፈና መጣ። ምን እንዳነሳሁ ጠየቀኝ። እሱን እንዳነሳሁ ነገርኩት። እንግዲያው ስጠኝ አለ።

ስልክ ይዤ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር። ወረቀት ግን አንድ ነው፤ እኔ ከወሰድኩት እሱ የለውም። ፎቶው የእኔ ካሜራ፣ የእኔ ፊልም ውጤት መሆኑን ባስረዳም አልሰማኝም። መንገደኛው ተሰበሰበ፤ እዚያው በቆምንበት ሽምግልና ተጀመረ። ፎቶው ብርሃን እንዳይነካው ጃኬቴ ውስጥ ስለሸሸግኩት ደግሞ ሰርቄ የያዝኩ መሰለ። በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠችው ባለ በቆሎዋ ናት።

"ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው" አለችኝ በቆሎዋን እያገላበጠች። "አንተ የቱ ጋ አለህ?"

ሰውየው ፎቶውን ቆቡ ውስጥ ከቶ፣ መስታወቱን አዝሎ ሄደ። ዳኛዋም የዳኝነቷን ጠየቀች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ከምድጃዋ ኋላ ተቀመጠችልኝና አነሳኋት። ወሰደችው። በለውጡ አንድ እሸት በቆሎ ሰጠችኝ፤ ለፍትሕ ያህል ልናገር፣ በቆሎው ግሩም ነበር።

ግቢው ውስጥ

አክስቴ ነጭ በነጭ ለብሰው በር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ነበር። ግቢው አንድ የጋራ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ የልብስ ማስጫ ገመድና ስድስት በር አለው። ከአክስቴ በር ፊት ለፊት ወይዘሮ ሽታዬ ይኖራሉ። ሁለቱ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ ሊጥ የተበዳደሩ፣ በአንድ ዕድር የሚቀብሩ ሴቶች ናቸው። አሁን ግን ተኳርፈዋል። የእማማ አስካለን መታወቂያ ለማስተለቅ የወሰዱት ወይዘሮ ሽታዬ ነበሩ፤ አክስቴ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ "ይቺን ፎቶ ያመጣ ሰው ዓይን የለውም?" ብለዋል። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። የሚባባሉት ካለ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው፤ የዕለቱ ሦስተኛ ሰው እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ፎቶ አክስቴን ደጅ ላይ አነሳኋቸው። ብርዱን ረስቼው ነበር። ይሄ ፊልም ገና እየወጣ ሳለ ከበረደው መልክ ያጠፋል፤ አክስቴም ወጡ፣ ግን ሰማያዊ ሆነው። ፎቶውን አገላብጠው አዩትና፣ ስሞት የሚሰቀል አሉኝ እንጂ ሞቼ አንሳኝ እንዳላሉኝ አስታወሱኝ። ወይዘሮ ሽታዬም ከደጃፋቸው ሆነው፣ ለዚያች ሴትዮ ንገራት፣ የአስካለ ፎቶ ቢያንስ የሰው ቀለም ነበረው አሉ። ነገርኳቸው። ምን ላድርግ፣ ሁለቱም ይሰማማሉ እኮ።

ለሁለተኛው፣ ፎቶው እስኪወጣ ሙቀት እንደሚፈልግ አስረዳሁ። አክስቴ አላንገራገሩም፤ ገንዘባቸውን በሚያኖሩበት በጡታቸው መሐል ሸጎጡት። የሰው ልጅ ከዚያ የበለጠ ሞቃት ቦታ የለውም። ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፣ አይነካ፣ አይጫን ብያለሁ። ይህን ባልኩበት ቅጽበት የውጭው በር ተከፍቶ ከአስኮ የመጡ የድሮ ወዳጃቸው እትዬ ጽጌ ገቡ። ሲጠፋፉ ከርመዋል። አክስቴ ዘለው ተነሱ፣ ደረት ለደረት ተጣበቁ፣ ግራ ቀኝ ተሳሳሙ፣ እንደገና ተጣበቁ። "ፎቶው!" ብል ማን ሰምቶኝ። ከጉያቸው ሲወጣ የውስጡ መድኃኒት ተጨፍልቆ በፊታቸው ላይ ቡናማ መንገድ ሠርቷል። ይህን ካሜራ የፈለሰፉ ሰዎች ብርድንም ሙቀትንም አስበዋል፤ የእኛን ሰላምታ ግን አላሰቡም።

እንግዳ መጥታ ሳትነሳ አትሄድም፣ ስለዚህ እትዬ ጽጌን አነሳሁ። ይህን ያዩት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ግዛው ከቤታቸው ኮት ደርበው ወጡ። እሳቸውን እምቢ ማለት የሚቻል መስሎኝ አክስቴን አየኋቸው፤ አክስቴ በዓይናቸው "አንሳቸው፣ ማን ሊቀብረኝ ነው?" አሉኝ። ከዚያ አዲሷ ተከራይ ልጇን አዝላ መጣች። ሕፃኑ ገና ፎቶ ተነስቶ አያውቅም ሲባል አክስቴ ራሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው አስቀመጧት። እኔ ውስጤ እያረረ ነው። አክስቴ ፎቷቸውን እየሰጡ ነው፣ ይሉኝታ እየበላቸው ነው፣ ካሜራው ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ይላል። ሌላ ፊልም ከየት አመጣለሁ? አክስቴም ገባቸው መሰለኝ፣ ሳቃቸው ጠፋ።

የመጨረሻዋ

ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ከብርዱ ሸሸግ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። በሩ ተከፍቶ ግቢው በሙሉ ደፉ ላይ ቆሟል። አክስቴ ይቺ የመጨረሻ መሆኗን ሲያውቁ ደረቁ፤ አንገታቸው ቀጥ፣ ከንፈራቸው ግጥም አለ። በካሜራው ቀዳዳ ውስጥ ያየሁት ያንኑ የፈሩትን የመታወቂያ ፊት ነው። ፈገግ ይበሉ አልኩ፤ ባሰባቸው። ጋሽ ግዛው ቀልድ ጀምረው መጨረሻው ጠፋቸው።

ወይዘሮ ሽታዬ ከሕዝቡ መሐል ሆነው፣ እኔን እያዩ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

"ንገራት። አፏን ካሁኑ እንዲህ ከገጠመችው ለገናዦቹ ሥራ አይበዛባቸውም።"

ለቅሶ ቤት እንኳ የማይባል ነገር ነው። እኔም እንደ ሞኝ "ወይዘሮ ሽታዬ የሚሉት..." ብዬ ጀመርኩ። አክስቴ ግን አልፈውኝ በቀጥታ ተኮሱ።

"ያንቺን አፍ ለመግጠምማ የበሬ ጠፍር ያስፈልጋል!"

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። አክስቴ ወደ ኋላ ተለጥጠው ሳቁ፣ ነጠላቸው ከራሳቸው ተንሸራተተ፤ ወይዘሮ ሽታዬ እየሳቁ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ገብተው ነጠላውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ሲሰነዝሩ እኔ ተጫንኩት። ወረቀቱ ወጣ። ይሄኔ ነው ሁለቱ መነጋገራቸው የገባቸው።

ፎቶውን ወይዘሮ ሽታዬ ጉያ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ጋሽ ግዛው በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሰው ሁሉ በእጅ ብቻ ሰላም እንዲል ያዝዙ ነበር። ሲወጣ ሁለት አሮጊቶች አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ፤ የአክስቴ የወለቀ ጥርስ ይታያል፤ የወይዘሮ ሽታዬ እጅ አክስቴ አናት ላይ ነው። አክስቴ ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስደው ብዙ ቆዩ። "ይቺ እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ።

ቀጥሎ ጭቅጭቁ መጣ። ጋሽ ግዛው መሐሉን በመቀስ እንድንቆርጠው ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ፊልም ከተቆረጠ መድኃኒቱ እንደሚፈስ ነገርኳቸው፤ አክስቴ ግን ያሳሰባቸው ሌላ ነው፤ ሽታዬ ብትቆረጥ እጇ አናቴ ላይ ይቀራል፣ የማን እጅ ነው ሊባል ነው አሉ። ስለዚህ ቀድማ የሞተችው እንድትጠቀምበት ተወሰነ። አክስቴ እንደገና ከነከናቸው።

"እኔ ሞቼ አንቺ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለሽ፣ ፎቶሽ ተሰቅሎ፣ ሰው ላንቺም ሊያለቅስ ነው?"

"ያልቅሱልኛ" አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። "በጆሮዬ ብሰማው ምን አለበት?"

መልስ

የመልሱ ታክሲ ውስጥ ባዶውን የፊልም ሣጥን ይዤ ተቀመጥኩ። ያቺን ፎቶ በስልኬ እንኳ ሳላነሳት መምጣቴ ትዝ ያለኝ ዊንጌት ስንደርስ ነው። ለራሴ ያሰብኳቸው ሁሉ ኮልፌ ቀሩ፤ አንዱ ቆብ ውስጥ፣ አንዱ በቆሎ ምድጃ አጠገብ፣ አንዱ የሕፃን ፍራሽ ሥር። ተናድጃለሁ ብል ውሸት ነው። ስልኬ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ አለ፤ በአንዱም ማንም ተጣልቶኝ፣ በአንዱም ማንም ታርቆ አያውቅም። ቤት ስደርስ ባለቤቴ የታሉ ፎቶዎቹ አለችኝ። ባዶውን ሣጥን ሰጠኋት፤ እሷ የተደሰተችው ፍሪጁ ውስጥ ለቅቤው ቦታ በመገኘቱ ነው።

ከሳምንት በኋላ አክስቴ ደወሉ። የእሳቸው ግድግዳ እርጥበት ስላለው ፎቶው ወይዘሮ ሽታዬ ቤት ተሰቅሏል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ያዩታል፣ ካዩት በኋላም ቁርስ ሳይበሉ አይመለሱም። ማን ትቀድማለች የሚለው ነገር መቋጫ አግኝቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"አልተስማማንም" አሉኝ። "እስክንስማማ ማናችንም አንሞትም።"