የወጌሻው አንበሶች

ዳኘው አንበሳ አይቶ አያውቅም። ይሄ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ኋላ «ቀጣፊ!» እንዳይባል። ያየው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሳለውን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን «ዓይኑ የሰው ዓይን ነው፤ ሰዓሊውም እንደኔው አላየም» ብሎ አያምነውም። ያም ሆኖ ከፍኖተ ሰላም እስከ ጅጋ ባለው አገር፣ አንበሳ የት እንደሚኖር፣ የአገሩ አየር እንዴት እንደሆነ፣ ምን አድኖ እንደሚበላ ልወቅ ያለ ሰው የሚላከው ወደ ዳኘው ነው።

ሥራው ወጌሻ ነው። በቆሎና በርበሬም ያርሳል፤ ስሙ የሚጠራው ግን በወጌሻነቱ ነው። የወለቀ ያስገባል፣ የተሰበረ ያስራል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ እጁን አያስነካም፤ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ሆስፒታል!» ብሎ ባጃጅ ፍለጋ እሱ ራሱ ይሮጣል። የቀረውን ግን ደጃፉ ካለችው መደብ ላይ አስቀምጦ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ አንበሶቹን ይለቅበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኘው እንደሚለው የወለቀ አጥንት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ባለቤቱ ነው። ሰው ሲፈራ ሥጋው ይገትራል፤ የገተረን ሥጋ በሬም አይስበው። እና ሰውየው የገዛ አካሉን የሚረሳባት አንዲት ትንፋሽ ታስፈልጋለች። «ሰው እየጠየቀ አይፈራም» ይላል ዳኘው። «ሁለቱ ባንድ አፍ አይገቡም።»

ባለፈው በጋ ባጃጅ ነጂው ስመኘው ክርኑ ወልቆ እያለቀሰ መጣ። የዳኘው ሚስት ንግሥቴ እንደ ልማዷ ከኋላ ሆና ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው።

«ስመኘው፣ የአንበሳ ርስት ወሰኑ በምን እንደሚለይ ታውቃለህ?» አለው ዳኘው ክንዱን እያሸ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እየሞትኩ እርስዎ ስለ አንበሳ!»

«በድምፁ ነው። ሲያገሳ ድምፁ እስከተሰማበት ድረስ አገሩ የሱ ነው። የዓባይ በረሃዎቹ ታድለዋል፤ ገደሉ ድምፁን ይቀባበልላቸዋል፤ አንዱ ካገሳ ቆላው ሁሉ የሱ ነው። ሙቀቱ ግን አይጣል! ጎፈር የሚባል የላቸውም፤ መላጣ ናቸው። ቀን ዋሻ ውስጥ ተዘርረው ይውሉና ከርከሮ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ብድግ ይላሉ። የጮቄ ተራራዎቹ ደግሞ ያሳዝኑሃል! ጭጋጉ ድምፃቸውን ይውጠዋል፤ ርስታቸው ከአንድ ማሳ አይበልጥም። ጎፈራቸው እስከ ጉልበታቸው ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይይዘውና ሲራመዱ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል።»

ስመኘው ማልቀሱን ተወ። «እንዴ! ታዲያ አውሬው ሰምቶ አይሸሽም? ምን ሊበሉ ነው?»

ቋ!

ክርኑ ገባ። ስመኘው መጮህ እንኳ የታወሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። «መልሱ ማሰሪያው ሲፈታ» አለው ዳኘው፣ ክንዱን የሚያስርበትን መቃ እየደረደረ። የቤቱ ደንብ ነው፤ ሰው ማሰሪያውን በየቤቱ ፈትቶ እንዳይቀር። ስመኘውም በቀጠሮው መጣና፣ የጮቄ አንበሶች ማሳደዱን ትተው ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው እንደሚጠብቁ ሰማ። «አይ ጋሼ!» እያለ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ሁሉ ይህን ሳይሰማ ከባጃጁ አይወርድም።

የቡሬዎቹም አሉ፤ ወይና ደገኞቹ። ዝናቡም ሣሩም ልክ ስለሆነላቸው ድኩላውና ሚዳቋው እደጃቸው ይሰማራል። ሆዳቸው ሞልቶ ሥራ ስለሚፈቱ ቀኑን ሙሉ ወሰን ገፋህ፣ ወሰን ገፋህ እያሉ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ እንደኛው ሰው። የረግረጎቹ ደግሞ መዳፋቸው እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው፤ ዳክዬና ዓሣ ነው ቀለባቸው፤ ጭቃው ስለሚበርዳቸው ድምፃቸው ሁልጊዜ ጎርናና ነው።

ይሄን ሁሉ ከየት አመጣው? ከበሽተኛው ነዋ! ከጮቄ ሥር የመጣውን ሰው ውርጩ ስንት ሰዓት ላይ ይቀልጣል፣ ፍልፈል በየትኛው ወር ይበዛል፣ ጭጋግ ውስጥ በሬ ቢጮህ ምን ያህል ይሰማል እያለ ያፋጥጠዋል። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ነጋዴ ካገኘማ አይለቀውም። አንዱ ተሰላችቶ «እኔ ልታሰር ነው የመጣሁት ወይስ ቃሌን ልሰጥ?» ብሎታል። ዳኘው ምን ያድርግ፤ የማያውቀው ነገር እንደ ቁንጫ ነው የሚበላው። አንድ ጊዜ ቄስ ገብረ ኢየሱስ የእጅ አንጓቸው ወልቆ መጥተው «ለመሆኑ እነዚህ አንበሶችህ በጾም ምን ይበላሉ?» ሲሉ ቋ! አደረገና አስገባላቸው፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቄሱ በቆሙበት ሁሉ ይጠይቁታል፤ እሱም ባያቸው ቁጥር መንገድ ይቀይራል።

አንበሶቹን ከቁም ነገር የማትቆጥር አንዲት ሰው ብትኖር ንግሥቴ ናት። ትይዛለች እንጂ አትናገርም። እሱ ሲያወራ እሷ አጥሩን ታያለች። አንዴ ለምን እንደማትሰማው ቢጠይቃት «ያንተን ውሸት የንስሐ አባትህ ይቁጠሩት» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ይሄ ዳኘውን ያበሽቀዋል። አገር ምድሩ የሚስቅለትን ወሬ ከጎኑ ያለችው ሴት በዚያ ሁሉ ዘመን አንዴ እንኳ «ከዚያስ?» አላለችውም።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ዳኘው ከዋንዛ ዛፍ ወደቀ። ምን ሊሠራ ወጣ ይባላል? አንዲት ወፍ የጎጆዋን አፍ ወደየት አዙራ እንደሠራች ሊያይ! ነፋሱ ከምዕራብ ሲመታ እንቁላሉ እንዴት እንደማይበርደው አሳስቦት። የረጠበ ቅርንጫፍ ረገጠና በትከሻው መጣ። ቀና ሲል ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል። መዳበስ እንኳ አላስፈለገውም፤ ወልቋል።

ያን ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። ቀኝ እጁ ከሄደ ሞፈሩም ሄደ፣ ወጌሻነቱም ሄደ። የወለቀ ትከሻ ውሎ ካደረ ሥጋው ተኮማትሮ መግቢያው እንደሚጠፋ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንዙ ሞልቷል፤ ወደ አስፋልቱ የሚያሻግር የለም፤ ሆስፒታሉ ማዶ ቀረ። ደግነቱ የጅጋው ወጌሻ ዘሩ ለለቅሶ መጥቶ እዚያው መንደር ውሃው ይዞት ነበር። ተጠርቶ መጣ። ዳኘው መደቧ ላይ ተቀመጠ፤ ንግሥቴ ከኋላ በብብቱ ሥር ያዘችው፤ ዘሩ ክንዱን ጨበጠ።

«አያ ዳኘው፣ የቡሬዎቹ አንበሶች ዘንድሮ ምን ገጠማቸው መሰለዎት?» አለ ዘሩ፣ ድምፁን አለዝቦ።

«ዘሩ፣ አሁን ልትስብ ነው» አለ ዳኘው ጥርሱን ነክሶ።

«ኧረ አይደለም!»

«አውራ ጣትህን ዝቅ አድርግ እንጂ! እንደዚያ ነው የሚያዘው?»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይሄ ነው። ዘሩ የረግረጎቹን አመጣ፤ ዳኘው የጎደለውን አርሞ ነገረው። የቆላዎቹን አመጣ፤ «አሁን ትስባለህ» አለው። በተሳበ ቁጥር ትከሻው እንደ ግንድ ይገትራል። ዳኘው ላላ ልበል ቢል አካሉ እምቢ አለው። ለሰው ሁሉ የሰጣትን ያቺን ትንፋሽ ለራሱ አጣት። ዘሩ በላብ ተጠምቆ ክንዱን ለቀቀ። «በቃኝ። እሳቸውን የሚያታልል ሰው አልተፈጠረም» አለ። ዳኘው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ነበር።

ይሄኔ ከጀርባው ድምፅ መጣ።

«አምስተኛዋን ግን ለሰው ነግረህ አታውቅም» አለች ንግሥቴ።

«የምን አምስተኛ?»

«አምስተኛዋን አገር። የሴቷን አንበሳ።»

«አምስተኛ የለም። ጮቄ፣ ቡሬ፣ ዓባይ፣ ረግረግ፤ አለቀ።»

«አለች እንጂ። ተወልዳ አግስታ የማታውቅ። አንዴም።» ንግሥቴ አጥሩን እያየች ነው የምትናገረው፤ እጇ ግን አልላላም። «ባንተ ሕግ ድምፅ የሌለው ርስት የለውም፤ አይደል?»

«አዎ፣ የለውም» አለ ዳኘው። ዘሩ ቀስ ብሎ ክንዱን መልሶ ያዘ።

«እሷ ግን አላት። ሲበርዳት ሙቀት አላት፣ ሲሞቃት ጥላ አላት። ፍልፈሉም፣ ድኩላውም፣ ዓሣውም ከቤቷ ጠፍቶ አያውቅም። አራቱም መንጋ በየተራ ሲራብ እሷ ጾሟን አድራ አታውቅም።»

ዳኘው በልቡ አገር ማካለል ጀመረ። ይሄማ አይሆንም። ፍልፈል ካለ ደጋ ነው፤ ዓሣ ካለ ረግረግ ነው፤ ሁለቱ ባንድ አገር አይገኙም። ቡሬ ብትገባ እነዚያ ነገረኞች ያባርሯታል። ቆላ ብትወርድ... ደግሞስ ይህቺ ሴት ሕጉን ከየት አወቀችው? ስትሰማ ነበር እንዴ? አንገቱን ወደሷ አዞረ። ንግሥቴ ዘሩን በዓይኗ ጠቀሰችው።

«ታዲያ ወሰኗ የት ነው?» አለ ዳኘው።

ቋ!

ዘሩ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና «እሰይ! እሰይ!» አለ። ንግሥቴ መቀነቷን ከወገቧ ፈታች፤ ክንዱን አጥፋ ከደረቱ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«ንግሥቴ፣ ወሰኗስ?»

«መልሱ ማሰሪያው ሲፈታ» አለችው።

ወይ ጉድ! ያ ክረምት ለዳኘው አልነጋ አልመሽ አለው። በጭጋጉ ውስጥ ተቀምጦ አገር ሲያካልል ይውላል። «ሸንተረሩ ላይ ነው? የደጋውም የቆላውም ወሰን ያልደረሰበት?» ይላታል ሽሮ ስታማስል። እሷ ማማሰሏን ትቀጥላለች። «የነሱን ትራፊ ነው የምትበላው?» እሷ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። «ኧረ በማርያም!» ሲላት «መልሱን የሚያውቀው መቀነቴ ነው» ብላ ትስቃለች። እሱም ሳይወድ ይስቃል። ሰው ሲመጣ ግን ሳቁ ይጠፋል። የወለቀበት ሁሉ ወደ ዘሩ ሲላክ ያያል፤ ሰላም ሊለው የመጣውም ዓይኑ መቀነቱ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ ይስባል ወይስ አይስብም ነው ነገሩ። ዳኘውም ያንኑ ነው የሚፈራው።

መስቀል ደረሰ፤ ሰማዩ ጠራ። ዘሩ ከጅጋ መጥቶ መቀነቱን ፈታ።

«አያ ዳኘው፣ እስቲ ያንሱት።»

ዳኘው አነሳ። እጁ ደረቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ከፍ ያድርጉት።»

«አልችልም።»

«አጥንቱ ደኅና ነው፤ ይኸው ዳብሻለሁ።»

«ዘሩ፣ ቢወልቅስ? እምቢ አለኝ!» ስንቱን ሰው «አንሣ፣ አትፍራ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ!» ያለ አፍ ዛሬ ይህን ተናገረ። ለካ ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሌላው ሰው ላይ ቀሎ ይታያል። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈ። ዘሩም አንገቱን ደፋ።

ንግሥቴ መቀነቷን ከመደቡ አንስታ ታጠቀች። ወደ ደጅ ወጣችና በምሥራቅ በኩል በእጇ ዓይኗን ከልላ ተመለከተች።

«አሁንማ ይታያል» አለች ለራሷ ይመስል። «ጭጋጉ ተገፎ፣ አገሯ ከነወሰኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

ዳኘው ብድግ አለ። «የማን? የሷ? ከዚህ?» አጠገቧ ሄዶ ቆመ። ማዶ ማዶ ጮቄ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። «የቱ ጋ ነው?»

«እሱንማ አንተ አሳየኝ። የአንበሳ አዋቂው አንተ አይደለህ?»

«ከዚያች ጉብታ ወዲህ?» አለና ጠቆመ።

«ከፍ በል።»

«ከጉብታዋ በላይ? ዛፍ ካለበት?»

«አይደለም፤ ከፍ በል።»

«ደመናው የነካው ነው እንዴ? ኧረ እዚያ እንኳን ድኩላ ሣርም የለ!» እጁ ከራሱ በላይ ተዘርግቶ ከጮቄ ጫፍ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ቡሬ ይሄዳል። ቀኝ እጁ። «ወይስ በዚህ በኩል ዞራ ነው? ንግሥቴ? የትኛው ነው?»

ከኋላው ዘሩ «እግዚኦ!» አለ። ንግሥቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ዳኘው ዘወር ብሎ አያት፤ እጁን ግን አላወረደም።

«አሁን ምን ያስለቅስሻል? ወሰኗን ጠየቅሁሽ እኮ! መልሺልኝ እንጂ!»