በሳሙና ያጠብኩት ዛፍ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮዬ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ሰላም በሬን አንኳኳች። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ከደጋ ከመጣች ገና መንፈቅ አልሞላትም። በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው የልብስ ብሩሽ ይዛለች። «እትዬ ዘነበች፣ ዛፍዎን ሻጋታ ወርሶታል። ግንዱን በሳሙና ላጥብልዎ?» አለችኝ። አረፋውን ሳየው ሳቅ ያዘኝ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቷ ግራ ገባት። እኔ ግን አልፈረድኩባትም። በሷ ዕድሜ እኔም ያንኑ የመሰለ ባልዲ ይዤ ነበር፤ ልዩነቱ ማንንም አለመጠየቄ ነው።

ጋምቤላ የመጣሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በሳኒታሪያንነት ተመድቤ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ላደገች ልጅ ያ ወደ ሙቀቱ የሚወርድ ቁልቁለት ጉድ ነበር። መንገዱ ላይ ያለችው ቡሬ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ እስከ ዛሬ መልሼ አልለበስኩትም። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ መጸዳጃና ስለ ውሃ ማፍላት ማስተማር ነበር። ያኔ በዓለም ላይ በሳሙናና በብሩሽ የማይፈታ ችግር ያለ አይመስለኝም ነበር። ትንሽ ጉረኛም ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው ብዙ ሳልሆን አልቀርም።

የተከራየሁት ጋሽ ኡጁሉ ከሚባሉ ጡረታ የወጡ አናጢ ቤት ነው። ባለቤታቸው ማማ አኬሎ ከባሮ የወጣ ዓሣ ቀቅለው ከበቆሎ ገንፎ ጋር ሲያቀርቡ የቤተሰብ ናፍቆት የሚያስረሳ ጣዕም ነበረው። ለጋሽ ኡጁሉ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። አማርኛን በሥራ ቦታ ከወንዶች መካከል ስለለመዱት እኔንም «አንተ» ነበር የሚሉኝ። ወደድኩት፤ አላረምኳቸውም።

በግቢው መሃል ዛፍ ነበራቸው። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ አንድ የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጣት የምታህል ችግኝ አስታቅፈዋቸው ሄዱ፤ ጃቦቲካባ ይባላል፣ ፍሬው ይበላል ብለው። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ፍሬ የሚባል የለም። ጋሽ ኡጁሉ ግን በየበጋው በትንሿ መጋዛቸው ይከረክሙታል። ሰው ዛፍ ሲከረክም ከላይና ከዳር ነው፤ እሳቸው ውስጥ ገብተው ከግንዱ አጠገብ ያሉትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች እየለቀሙ ይቆርጣሉ። ጎረቤት ይስቅ ነበር።

ማማ አኬሎ ግን መሳቅ ሰልችቷቸዋል። ጡረታው አልበቃ ብሎ ዛፉ የቆመበት ላይ የሚከራይ ክፍል መሥራት ይፈልጋሉ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ተስማሙ፤ ግንቦት እስኪገባ ካላፈራ የማማ አኬሎ ወንድም መጥቶ ይቆርጠዋል።

ሚያዝያ ላይ ጋሽ ኡጁሉ ለለቅሶ ወደ ጎግ ሄዱ። ሲወጡ ጠሩኝና ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ባልዲ እንዳጠጣው አደራ አሉኝ። «ውሃ ብቻ ስጠው፣ ዶክተር» አሉ። «ብቻ» የምትለዋን አላስተዋልኳትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግንዱ ከታች እስከ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወርሶት አገኘሁት። በሽታ ነው አልኩ። ማማ አኬሎም አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ውሃ አሙቀው ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ግማሽ ቀን ፈግፍጌ፣ ግንዱን እንደ ድስት አብለጨለጭኩት። ምሽቱን በራሴ ኮርቼ ተኛሁ።

ጋሽ ኡጁሉ ሲመለሱ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ወደ ዛፉ ሄዱ። ምስጋናዬን እየጠበቅሁ ተከተልኳቸው። ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ በርከክ ብለው ከጭቃው ላይ አንዲት ነጭ ነገር አነሱ።

«ሻጋታ ነበር፣ ጋሽ። አጸዳሁልዎ» አልኩ።

«አበባ ነው» አሉ።

አበባ ከግንድ ላይ! እኔ የማውቀው ዛፍ ሁሉ የሚያብበው ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው። ያኔ ባለሙያው የነገሯቸውን አስረዱኝ፤ ይህ ዛፍ ፍሬውን የሚያወጣው ከገላው ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ውስጡን የከረከሙት ገላው ብርሃን እንዲያገኝ ኖሯል። ለምን ለሰው አልነገሩም ብላቸው፣ «ዛፉ ከሆዱ ይወልዳል ብል ማን ያምነኛል? ኡጁሉ አበደ ይላሉ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለአኬሎም አትንገር፣ ሰበብ ፈለጉ ትለናለች ብለው ገቡ።

ግንቦት ሊገባ ቀናት ቀርተዋል። ብናገር የማስተምራቸው እናቶች ሁሉ ይስቁብኛል፤ ዝም ብል ዛፉ ይቆረጣል። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ዓሣ ወደሚያጸዱበት ሄድኩና ለማማ አኬሎ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢላዋቸው ቆመ።

«ውሃውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ይህን ይዞ ዝም አለ? ለኔም?» አሉ። የከፋቸው ስለ አበባው አልነበረም።

ወንድማቸው እንዲቆይ ላኩበት። እኔንም አልማሩኝም፤ እንደገና እስኪያብብ ውሃውን የምቀዳው እኔ እንድሆን ፈረዱብኝ። ዝናብ በጠፋ ቀን ሁሉ ከሥራ በፊት ከባሮ በጀሪካን ተሸክሜ ስመጣ እናቶቹ «የዛፍ ዶክተር መጣች» ይሉኝ ነበር።

መስከረም ላይ ግንዱ እንደገና ነጣ። ማንም አልነካውም። ማማ አኬሎ ከሥሩ በርጩማ አስቀምጠው ዶሮ ሲያባርሩ ዋሉ። ከሳምንታት በኋላ ፍሬው ጠቆረ፤ ግንዱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ወይን ነው የሚመስለው። ጋሽ ኡጁሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍሬዎች ቆርጠው መዳፌ ላይ አኖሩና፣ «ዶክተር፣ አሁን እጠብ» አሉኝ። ማማ አኬሎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አጠብኩ። ቆዳው ጥርስ ስር ሲፈነዳ ውስጡ ነጭ፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ ጎምዛዛ ነው። ጋሽ ኡጁሉ የራሳቸውን ጨርሰው ሚስታቸውን በአኙዋክኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው። ማማ አኬሎ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ መለሱ።

«ብትነግረኝ አላምንህም ነበር» አሉ። «ግን አብሬህ እጠብቅ ነበር።»

ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ክፍሉ በኋላ ተሠርቷል፤ ዛፉን እንዳይነካ አንዱ ማዕዘኑ ገባ ብሎ። የኔ ዛፍ ከዚያኛው ዘር የበቀለ ነው። ሁለቱም ናፍቀውኛል። ለብዙ ዓመት የዚያን ጊዜ ጥፋቴ አለማወቄ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አለመጠየቄም ጭምር ነው፤ ጋሽ ኡጁሉን ያደከማቸው የዛፉ መዘግየት ሳይሆን ብቻቸውን መጠበቃቸው ነው።

ያን ቅዳሜ ሰላምን ሳሙናውን አስደፍቼ ንጹህ ውሃ ከዛፉ ሥር አስፈሰስኳት፤ ታሪኩንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ከግንድ ፍሬ ይወጣል ስላት ፊቷ ላይ እንዳላመነችኝ አየሁ። ባልዲዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ዛሬ ጠዋት ሻዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዛፉ ሥር፣ ከኔ በርጩማ አጠገብ፣ ሌላ በርጩማ ተቀምጧል።